በትከሻ የሚከፈል እድር

 የደብረ ታቦር ሰው ያለ ለቅሶ እንዲህ ተሰብስቦ ስለ ሞት ሲወያይ ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «አቅም የሌለው ቤተሰብ ሟቹን በአነስተኛ ወጪ በክብር የሚቀብርበት መንገድ» የሚል ነው። ርእሱ መልካም ነው። ሆኖም ከጣና ዳር እስከ ጋይንት ጫፍ በደህና ጊዜ ድሃ ስለሆነ ብቻ ሬሳው ሜዳ የቀረ ሰው የለም። ጎረቤት ይቀብረዋል፤ ጎረቤት ከሌለው ደብሩ፣ ደብሩም ካልሰማ ማዘጋጃ ቤት ይቀብረዋል። ስለዚህ እኔ የምናገረው ሰው ተቀበረ አልተቀበረም ስለሚለው አይደለም። ማን ቀበረው፣ በምን ሒሳብ ቀበረው፣ ከቀብር መልስ ደግሞ በዚያ ቤት ምን ተረፈ? ነገሬ ይኸው ነው።

እስቲ ከጉና ሥር ካለ አንድ መንደር እንነሣ። ሰው ሌሊት አርፏል እንበል። ማለዳ ጡሩምባ ይነፋል። ጡሩምባውን የሰማ ገበሬ በሬ ጠምዶ ከሆነ ይፈታል፣ ሊያጭድ ወጥቶ ከሆነ ማጭዱን ያኖራል። ግማሹ ዶማና አካፋ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ግማሹ ወደ ሟች ቤት ይወርዳል። ሁለት ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጣና ይቆረጣል፤ መሐሉ በጠፍር ይጠላለፋል፤ ቃሬዛ ሆነ። ሬሳው ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ በሰሌን ይጠቀለላል፣ ከላይ ጋቢ ይደረብበታል።

ከዚያ መንገዱ ነው። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ የሚወጣ ተራራ ነው፤ ሥሩ ካሉት ሸለቆዎች ወደ ደብር የሚያወጣው አቀበት ባዶ እጁን የሚሄደውንም ያስለከልካል። አራት ሰዎች ይሸከማሉ፤ ሌሎች አራት ከጎንና ከኋላ ይከተላሉ። የሚቀያየሩት ሳይቆሙ ነው። የደከመው አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ ከጎኑ ያለው ትከሻውን ከአጣናው ሥር ያስገባል፤ የመጀመሪያው ሸርተት ብሎ ይወጣል። ቃሬዛው አይቆምም፣ አይዘምም፣ መሬት አይነካም። ልጅ ሆነን ከኋላ ስንከተል የምናየው የትልልቆቹን እግር ነበር፤ አንዱ ጎማ ጫማ አድርጓል፣ አንዱ ባዶ እግሩን ነው፣ እርምጃቸው ግን አንድ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በብር የተገዛውን ብትቆጥሩ መግነዣውና ሰሌኑ ነው። ለካህናት የሚሰጠውም እንደ ቤቱ አቅም ነው። የቀረው ጉልበት ነው። ሴቶቹ ውኃና እንጨት ይሸከማሉ፤ እያንዳንዷ ከቤቷ እንጀራ ይዛ ትመጣለች፤ ንፍሮው ከየቤቱ በተዋጣ እህል ይቀቀላል። የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱን ሽማግሌዎች ያውቁታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ጥንድ በሬ ያለው ገበሬና መሬቱን በየእኩል ሰጥቶ በሴፍቲኔት እህል የሚኖረው ጎረቤቱ እኩል ከፋዮች ናቸው። የሀብታም ትከሻ ከድሃ ትከሻ አይበልጥም። እንዲያውም ሸክም የለመደው የድሃው ይሻላል።

አሁን ወደ ከተማ እንግባ።

እድር በወርሃዊ መዋጮ የሚተዳደርበት መልኩ የከተማ ልጅ ነው። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ ያልነበረው ሰው፣ በተለይም ከጉራጌ አገር የመጣው፣ ሲሞት የሚያነሣው ወገን ለማበጀት እንደመሠረተው፣ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህም እንደተስፋፋ ይናገራሉ። ምክንያቱ ይገባል። የከተማ ሰው ቢሮ ይውላል፤ ሱቅ ይከፍታል፤ ጡሩምባ በሰማ ቁጥር ሥራውን ጥሎ መቃብር ሊቆፍር አይችልም። ስለዚህ ትከሻውን በብር ለወጠው። በብሩ ቆፋሪ ተቀጠረ፣ ድንኳን ተገዛ፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ተገዛ፣ ሣጥን ተገዛ። ደንብ ተጻፈ። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ለፋፊ ተሾመ። ስቴፋን ዴርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ የቀብር ማኅበራት ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲያሳትሙ ካስደነቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ባንክ በማያውቀው ገጠር ውስጥ ሳይቀር የተጻፈ ደንብ፣ የተቆጠረ አባል፣ የታወቀ ክፍያ ያለው መድን አገኙ። ማንም ኩባንያ ሳያስተምረው ሕዝቡ ራሱ ያቋቋመው መድን ነው። ልንኮራበት ይገባል።

ነገር ግን ትከሻ በብር ሲለወጥ ከመካከላችን አንድ ሰው ወደቀ። ያ ሰው ትከሻ ያለው፣ ብር የሌለው ነው።

እኔ በእድር ጸሐፊነት አገልግያለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ከመዝገብ ነው። የእድር መዝገብ ምን እንደሚመስል ጸሐፊዎች ታውቁታላችሁ። በግራ የአባል ስም፣ በላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወራቱ፣ በመሐል የከፈለው በሰማያዊ ምልክት፣ ውዝፉ በቀይ። የመንግሥት ሠራተኛው መስመር ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው። የነጋዴው አንዳንዴ ሦስት ወር በአንድ ቀን ይሞላል። የቀን ሠራተኛውን መስመር ተመልከቱት። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር ተከፍሏል፤ አጨዳ ነው፣ ግንባታ አለ፣ ገንዘብ ይገኛል። እስከ ሚያዝያ ይንገታገታል። ከሰኔ ጀምሮ ባዶ ነው። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ባዶ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ግንብ አይሠራም፣ እህል ይወደዳል። በአብዛኞቹ ደንቦቻችን ደግሞ ይህን ያህል ወር ያልከፈለ ይጠየቃል፣ ከዚያ ያለፈ ይሰረዛል የሚል አንቀጽ አለ። አንቀጹን ያረቀቀው ሰው ለክፋት አላረቀቀውም። ሆኖም ሲሠራ የሚውለው ምንድን ነው? ክረምት በመጣ ቁጥር ድሃውን ከመዝገብ ይፍቃል።

አንድ ጊዜ ከተሰረዘ ደግሞ መመለሻው ከባድ ነው። የእድሩ ድንኳን፣ ድስትና ወንበር፣ የባንክ ተቀማጩም ተገምቶ ለአባላት ይካፈልና የአዲስ ገቢ መግቢያ በዚያ ልክ ይተመናል። እድሩ ባደገ ቁጥር በሩ ይጠባል። አሥራ አምስት ዓመት የከፈለ ሰው ሦስት ወር ቢያቅተው አሥራ አምስቱ ዓመት የት ሄደ? የቀረነው አባላት ድንኳን ውስጥ ነው ያለው። እኛ ለቅሶ ስንቀመጥ እንጠለልበታለን።

ይህ ጣጣ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1832 የወጣ ሕግ ነበር። በሕጉ መሠረት በድሆች ማቆያ ሞቶ ጠያቂ ያጣ ሰው ሬሳ ለሕክምና ተማሪዎች ማስተማሪያ ይሰጥ ጀመር። ድሃው ደነገጠ። ከልጁ ዳቦ እየቀነሰ ለቀብር ማኅበር ሳንቲም ያዋጣ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1848 የተቋቋመው ፕሩደንሺያል የተባለው የመድን ኩባንያም ከ1854 ጀምሮ ሠራተኛ በሚበዛበት ሰፈር በየበሩ እያንኳኳ በየሳምንቱ ሳንቲም የሚሰበስብ ወኪል አሰማራ፤ ከእንግሊዝ ትልልቅ የመድን ኩባንያዎች አንዱ የሆነው በዚያ ሳንቲም ነው። ብዙው ድሃ ግን ሥራ ያጣ ሳምንት ክፍያው ይቋረጥበትና የከፈለው ሁሉ ይቀርበት ነበር። የተቋረጠበት ሰው ገንዘብ ለቀጠለው ተረፈ ማለት ነው። ስለ ኩባንያ ሲነገር ግፍ ይመስለናል፤ በእድራችን ሲሆን ደንብ እንለዋለን።

ጭራሽ መዝገብ ያልገባውስ? ከተማችንን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ከእስቴ የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች፤ እድሯ አገር ቤት የአባቷ ነው። ቤት ተከራይቶ በየስድስት ወሩ ሰፈር የሚቀይር አናጢ አለ። የአቋቋም ተማሪ አለ፤ ላይ ቤት የሚባለው የደብረ ታቦር አቋቋም በአገሩ የታወቀ ነውና ከሩቅ ይመጣል፣ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ያድራል፣ ቢሞት የሚያነሣው የትምህርት ጓደኛው ነው። ከዚያ ደግሞ ተፈናቃይ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከቀየው የተነቀለው ሰው ከብቱን ብቻ አይደለም ጥሎ የመጣው፤ እድሩንም ጥሎ ነው። እድር እንደ ባንክ ደብተር ከአገር አገር አይዞርም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ይህ ስለገባቸው በደረሱበት ከተማ ሁሉ እድር አቁመው አስከሬን አገር ቤት የሚልኩበትን ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ ከስማዳ ደብረ ታቦር የመጣው ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ስማዳን ካነሣሁ ስለ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ልናገር፤ ለእኔ ከሁሉ የከፋው እዚያ ነውና። ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከእብናት በሽተኛ ይዘው ይመጣሉ። አስታማሚው ወንድም ወይም ልጅ ነው። የያዘውን ገንዘብ ለምግብና ለመኝታ ጨርሷል። ሌሊት በሽተኛው ያርፋል። ጠዋት በር ላይ አስታማሚውን ሁለት ነገር ይጠብቀዋል፤ ሣጥን ሻጭና ሹፌር። ሬሳ የሚጭን መኪና ዋጋው ሌላ ነው፤ ሹፌሩ «መኪናው ይታጠባል፣ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ አላገኝም» ይላል፤ ሐሰት አይደለም። ሐዘንተኛ ደግሞ አይከራከርም። በዓለም ላይ ዋጋ የማይጠይቅ ገዢ ቢኖር ሐዘንተኛ ነው። አንዳንዱ ያቅተውና ሟቹን ጋቢ አከናንቦ፣ እንደ በሽተኛ ደግፎ፣ ከሰው መሐል በአውቶቡስ አስቀምጦ አገሩ እንደሚያደርስ ሁላችንም ሲወራ ሰምተናል። ወንድሙን በትከሻው ደግፎ እንባውን ይዞ ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር መጓዝ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማልቀስ አይችልም፤ ካለቀሰ ያስወርዱታል።

እዚያ መንደር ቢደርስ ሁለት መቶ ትከሻ ይጠብቀዋል። ችግሩ እስኪደርስ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ካለን፣ ገንዘቡ መግባት ያለበት እዚህች ቦታ ላይ ነው፤ ከሆስፒታል በር እስከ መንደሩ መዳረሻ።

ሣጥኑን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አያቶቻችን በሰሌን ነው የተቀበሩት። ቤተ ክርስቲያን ያለ ሣጥን አልቀብርም አላለችም። የከተማ ሣጥን በወርቅማ ወረቀትና በፕላስቲክ አበባ ያጌጠ፣ ሁለት ሰዓት ታይቶ አፈር የሚለብስ ነው። ሙስሊም ወንድሞቻችንን እዩ፤ ጀናዛው በነጭ ከፈን ይጠቀለላል፣ በመስጊዱ ቃሬዛ ይሄዳል፣ ቃሬዛው ወደ መስጊዱ ይመለሳል። ሀብታምም ድሃም በአንድ ቃሬዛ። እድሮቻችን አንዳንድ ጥሩ ጠንካራ ሣጥን ቢያሠሩና እንደ ድንኳኑ ለአባል ሁሉ ቢያውሉት፣ ሬሳው እስከ መቃብር አፍ ሄዶ በሰሌኑ ቢወርድ፣ ማን ተዋረደ? ለመግዛት የሚፈልግ ይግዛ። እኔ የምለው የማይገዛው እንዳያፍር ነው።

አሁን ሁላችሁም ወደምትፈሩት ነገር እገባለሁ። ተዝካር።

አባቶች ካህናት፣ በትዕግሥት አድምጡኝ፤ ተዝካር ይቅር ልል አልመጣሁም። በምንኖርበት ምድር ይህን ማለት ያስቸግራል። የቀብርና የተዝካር ዜማ የሆነው መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አባ ነው፤ ዙር አባም ጋይንት ነው። ኢትዮጵያ ሙታኗን የምታሰናብትበት ዜማ ከእኛው ተራራ ነው የሚወርደው። ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ የጸሎትና የምጽዋት ቀኖች ናቸው። አርባ ቀን ሲደርስ ነዳያን ይበላሉ፣ ቆሎ ተማሪ ይጠግባል፣ የሟች ስም ይነሣል። ይህ ደግ ነገር ነው።

ነገር ግን ከነዳያኑ ይልቅ ጎረቤቱ የሚጠራበት፣ ከጸሎቱ ይልቅ ጠላው የሚቆጠርበት ሆነ። «የእንትና ተዝካር እኮ ሰው አልጠገበም» የምትል አንዲት ወሬ ስንት በሬ አሳርዳለች! በሬው የታረደው ግንቦት ላይ ከሆነ ሰኔ ላይ የሚያርስ የለም። መሬቱ ለሌላ በየእኩል ይሰጣል። በሬ የሌለው ደግሞ አራጣ ይገባል፤ አራጣው ከሟቹ ሙት ዓመት በኋላም ይከፈላል። በሕይወት እያሉ የቁም ተዝካራቸውን የሚያወጡ አዛውንት ነበሩ፤ ልጅ የሌላቸው ብቻ አልነበሩም። አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ከዚህ ዕዳ ለማዳን ብለው ያደረጉት ይመስለኛል።

ሕጉ በዚህ ላይ ከባህላችን ቀድሞ አስቧል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1014 ጀምሮ የሟች ዕዳ በምን ቅደም ተከተል እንደሚከፈል ሲዘረዝር ከሁሉ በፊት ያስቀመጠው የቀብር ወጪን ነው። ከአበዳሪም ከወራሽም በፊት ሰው ይቀበር ማለቱ ነው። ቀጥሎ ግን ወጪው ለሟቹ ኑሮ የተመጠነ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ለመታሰቢያ የሚወጣውንም ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም። በሕግ ዓይን ቀብር ግዴታ ነው፤ ተዝካር ፈቃድ ነው። ባሏ የሞተባት፣ የባሏ ወንድሞች ዙሪያዋን ተቀምጠው «ለአርባው ምን አሰብሽ» የሚሏት እናት ይህን የሚነግራት ሰው አግኝታ ታውቃለች?

በዚህ ነገር እስከ ዳር የሄዱ ጎረቤቶች አሉን። ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ወረታ ሳትደርሱ ወደ ውስጥ ገባ ያለችውን አውራ አምባን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእስቴው ልጅ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረታት ማኅበር ናት። እዚያ ሰው ሲሞት ለመቅበር የሚበቃው ሰው ሄዶ ይቀብራል፤ የቀረው ሸማውን መሸመኑን ይቀጥላል። ሰልስት የለም፣ ተዝካር የለም። ለሰው የሚደረግ ነገር ካለ በቁሙ ይደረግለት ነው የሚሉት፤ ለዚህም ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ብዙ ጊዜ ጎረቤቱ በዚህ አልወደዳቸውም። እኔም እስከዚያ አልሄድም፤ ሰው ማልቀስ አለበት፣ ሐዘንተኛ ብቻውን ማደር የለበትም፣ ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ አብሮ መቀመጥም ሥራ ነው። ግን ከወረታ በስተዚህ ያለ መንደር ለሃምሳ ዓመት ያለ ድግስ ቀብሮ፣ መሬት ተሰንጥቃ አልዋጠችውም። ስለዚህ «አይቻልም» አትበሉኝ። «አንፈልግም» በሉኝ፤ ያን እሰማለሁ።

የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓትም አስተውሉ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት አይደረግም። ታዲያ በዚያ ሳምንት የሚሞተውስ? በሆሣዕና ዕለት ለሁሉም አስቀድሞ ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል። ማን እንደሚሞት አይታወቅም፤ ስም አይጠራም፤ ማንም አልከፈለም። ባለጸጋውም የኔ ቢጤውም በአንድ ጸሎት ይፈታሉ። ጻድቁ ጦቢትም በነነዌ የወደቀውን ሬሳ አንሥቶ ሲቀብር የእድር መዝገብ አላገላበጠም። እንግዲህ በዓመት አንድ ሳምንት የምናደርገውን ሃምሳ አንዱን ሳምንት ማድረግ ለምን አቃተን?

የማቀርበው ሐሳብ አዲስ ድርጅት አቋቁሙ የሚል አይደለም። በጎ አድራጎት ድርጅት ይመጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ይሄዳል። እድር ግን አለ፤ የሚጎድለው በሩን ማስፋት ነው። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር አንዱ ወረዳ የእኛው ፎገራ ነበር። እዚያ የተደረገውን አስታውሱ። መክፈል የማይችለውን ራሱ ሕዝቡ ለየው፤ መዋጮውን ወረዳውና ክልሉ ከፈሉለት፤ መድኅኑ ግን ከከፋዩ መድኅን አልተለየም።  ይህ ጥበብ ነው። የሚያሳዝነው መድኅኑ እስከ ሞት ደጅ ይሸኝና እዚያ ይለቅቃል፤ ታካሚው በነጻ ይታከማል፣ ሲያርፍ ግን መኪናው የቤተሰቡ ጣጣ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችሁ የደንባችሁን የስረዛ አንቀጽ አንሡና እንዲህ አሻሽሉት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ውዝፍ ለስረዛ አይቆጠርም፣ እስከ ጥር ይጠበቃል። ቀጥሎ፣ መክፈል ያቃተው አባል በጉልበት እንዲከፍል ይፈቀድለት፤ መቃብር መቆፈር፣ ድንኳን መትከልና መንቀል፣ ሌሊት ወንበርና ድስት መጠበቅ፣ ጡሩምባ መንፋት። ዛሬ ለዚህ ሥራ ሰው በብር ትቀጥሩ የለም? ያንኑ ብር በመዝገቡ ላይ በሰማያዊ ጻፉለት። እናቶችም እንዲሁ፤ ለቅሶ ቤት እንጀራ የጋገረች፣ ውኃ የቀዳች፣ ወሯን ከፈለች። ጸሐፊው ግን በብር የከፈለውንና በጉልበት የከፈለውን በመዝገቡ ላይ አይለይ። ምልክቱ አንድ ይሁን። ይህን ካላደረጋችሁ ሐሳቡ ሁሉ ገደል ገባ፤ የቀበሌ ሰው ሁሉ «በጉልበት የሚከፍሉት» ብሎ ስም ያወጣላቸዋል።

መኪናውን በተመለከተ አንድ እድር ብቻውን አይችለውም። የከተማው እድሮች ተባብረው ከሹፌሮች ማኅበር ጋር የተቆረጠ ዋጋ ቢዋዋሉ፣ በየወሩ ከእያንዳንዱ እድር ትንሽ ትንሽ ወጥቶ ከገጠር መጥቶ ሆስፒታል ለሚያርፍ ሰው ቢውል፣ የሐዘንተኛው ድርድር በቀን ብርሃን፣ ሐዘን በሌለበት ሰዓት፣ አስቀድሞ ተጨረሰ ማለት ነው። ከእብናት የመጣው ወንድም ጠዋት በር ላይ የሚያገኘው ሻጭ ሳይሆን የእድሮቹ ተረኛ ይሆናል። እናንተ እብናት ላይ እድርተኛ አይደላችሁም፤ አውቃለሁ። ልጆቻችሁ ግን ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ናቸው፤ እዚያ ለእነሱ ማን ተረኛ እንዲሆን ትፈልጋላችሁ?

ወደዚህ ስመጣ አንድ የእድር ዳኛ ወዳጄ በመንገድ ላይ ተቃውሞውን ነገረኝ፤ እናንተም ሳታስቡት አትቀሩም። «ጉልበት ክፍያ ነው ካልን» አለኝ «ሁሉም ሰው ብሩን ኪሱ አስቀምጦ በጉልበት እከፍላለሁ ይላል፤ የገንዘብ ሣጥናችን ባዶ ይቀራል።» መልሴ ይህ ነው። መቃብር ቆፍሮ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚፈራው። የዚህ አገር መሬት ከላይ አንድ ክንድ አፈር ነው፤ ከዚያ በታች ጥቁር ድንጋይ ነው። በዶማ አይገባም፤ በአለት መፍለጫና በመዶሻ ነው የሚወጣው፣ ያውም በሐምሌ ጭቃ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ለመድረስ። ኪሱ ብር ያለው ሰው አንዴ ይሞክረዋል። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ገንዘብ ያዡ በር ላይ ቀድሞ ታገኙታላችሁ።